ለጀልባ የሚሆነው ኮምፔርሳቶ የትኛው ነው?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የፒያሳ ነዋሪ ሲሆኑ ርዝመቱ 3.5 ሜትር የሆነ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ የቀዘፋ ጀልባ በገዛ እጃቸው ሠርተው ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ሊያንሳፍፉ አስበዋል። መርካቶ ወርደው ሲጠይቁ አንዱ ነጋዴ ባለ 18 ሚሊሜትር ቺፑድ አሳይቶ «ወፍራም ስለሆነ ውሃ አይበግረውም» አላቸው፤ ሁለተኛው አርማታ የሚሞላበትን ባለ ጥቁር ሽፋን ፕላይውድ መከራቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ቀላ ያለ ኮምፔርሳቶ አውጥቶ «ይሄ ማሪን ነው» አላቸው። «ከሦስቱ የትኛውን ልግዛ? ውፍረቱስ ስንት ይሁን?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁ ባለሙያ ነኝ። የዕለት እንጀራዬ በርና የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ቢሆንም ጀልባ መሥራት ከወጣትነቴ ጀምሮ የምወደው ሥራ በመሆኑ ጥያቄዎን በደስታ አነበብኩት። ቺፑዱን ከነጭራሹ ይተዉት። ባለ ጥቁር ሽፋኑ ለጀልባ የተሠራ ባለመሆኑ ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል። ሦስተኛው ትክክለኛው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «ማሪን» የሚለው የነጋዴው ቃል ወይም ፊቱ ላይ የተመታው ማኅተም ብቻውን ምንም አያረጋግጥልዎትም። የሚያረጋግጥልዎት ኮምፔርሳቶው ከተደራረበባቸው ስስ ሉሖች መካከል ያለው ማጣበቂያና ከላይ የማይታየው የውስጥ እንጨት ነው። ሁለቱንም ደግሞ ቤትዎ ውስጥ፣ በአንድ ድስትና በአንድ መሮ መመርመር ይችላሉ።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። የመጀመሪያዋን ጀልባዬን የሠራሁት ከአንድ ሱቅ «የውጭ ነው፣ ውሃ ይችላል» ተብሎ በተሸጠልኝ ባለ 9 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ነበር። ፊቱ ለስላሳ፣ ቀለሙ ያማረ፣ አንድም ጉጥ የማይታይበት ነበር። ላንጋኖ ወስጄ አንድ በጋ በሚገባ ቀዘፍኩባት። ክረምቱን ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ከርማ በመስከረም ስገልጣት ግን የሆዷ ጠርዝ እንደ ደረቀ እንጀራ ተነሥቶ አገኘሁት። ካቻቢቴ አስገብቼ ቀና ባደርገው የላይኛው ሉሕ ያለ ምንም ድምፅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ መጣ። ከሥሩ ያለው ኮላ ነጭ ነበር፤ በጣቴ ሳሸው እንደ ዱቄት ረገፈ። መሀል ላይ ሁለት የውስጥ ቁራጮች ሳይገናኙ ቀርተው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሮ ነበር፤ ክፍተቱ በጠቆረ ውሃ ተሞልቶ ይሸታል። ለሦስት ወር የደከምኩባት ጀልባ የተበላሸችው በዚያ ነጭ ኮላና በዚያ ክፍተት ነው፤ ሁለቱም የመጀመሪያውን ኮምፔርሳቶ በመጋዝ ስቆርጥ ዓይኔ ሥር የነበሩ፣ እኔ ግን ምን እንደሆኑ ያላወቅኳቸው ነገሮች ናቸው።

ኮምፔርሳቶ የሚሠራው ግንዱ እንደ ወረቀት ጥቅል ተልጦ ከሚወጣ ስስ ሉሕ ሲሆን ሉሖቹ ጅማታቸው አንዱ ወደ ርዝመት፣ አንዱ ወደ ጎን እየሆነ በኮላ ተደራርበው በሙቀት ይጨመቃሉ። ለቤት ዕቃ የሚሠራው በአብዛኛው ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ በተባለው ርካሽ ኮላ የተጣበቀ ነው፤ ይህ ኮላ ደረቅ ክፍል ውስጥ ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ግን ይፈርሳል። ውሃ የሚቋቋሙት በሜላሚን የተጠናከረው ኮላና ከሁሉም በላይ ፌኖል ፎርማልዲሃይድ ናቸው። የፌኖሉ መስመር በተቆረጠው ጎን ላይ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ስለሚታይ ጥሩ ምልክት ነው። የዩሪያውና የሜላሚኑ መስመር ግን ሁለቱም ነጣ ያሉ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም።

አንዳንድ ኮምፔርሳቶ ላይ «ደብሊው ቢ ፒ» የሚል ጽሑፍ ያያሉ፤ አየርንና ፈላን የሚቋቋም ማለት ነው። ይህ ግን የሚናገረው ስለ ኮላው ብቻ ነው። ኮላው ፈላን እየቻለ በውስጡ ያለው እንጨት በአንድ ክረምት የሚበሰብስ፣ ክፍተትም የሞላበት ሊሆን ይችላል። ለጀልባ ተብሎ የተደነገገው የእንግሊዞቹ ደረጃ ቢ ኤስ 1088 ሲሆን ከኮላው ጥንካሬ በተጨማሪ የውስጥ ሉሖች ክፍተትና ጉድለት በጥብቅ እንዲወሰን ያዝዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልጨምር፤ ማሪን ኮምፔርሳቶ መድኃኒት የተነከረ ወይም ውሃ የማይጠጣ እንጨት አይደለም። እርሱም ሳይሸፈን ከተተወ ውሃ ይጠጣል፣ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ብልጫው ሲርስ አለመላቀቁና ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ በውስጡ አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ሱቁ ሲደርሱ ፊቱን ትተው አራቱንም ጎኖች ይመልከቱ። ሉሖቹን ይቁጠሩ፤ ባለ 6 ሚሊሜትሩ ባለ አምስት ሉሕ ቢሆን ይመረጣል። ባለ ሦስት ሉሕ የሆነው ብዙ ጊዜ መሀሉ ወፍራም፣ ሁለቱ ፊቶቹ እንደ ወረቀት የሳሱ ስለሆኑ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰበራል፤ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ሲያሹትም የውስጡ እንጨት ብቅ ይላል። በጎኑ ላይ የጠቆረ ቀዳዳ፣ አንዱ ሉሕ በሌላው ላይ የተደረበበት እብጠት ወይም በእንጨት ዱቄትና በስቱኮ የተደፈነ ቦታ ካዩ ያንን ኮምፔርሳቶ ይለፉት። ከዚያም አጋድመው ከዳር እስከ ዳር በጣትዎ አጥንት እያንኳኩ ይሂዱ፤ ድምፁ በድንገት ቦፍ ካለ ከሥሩ ክፍተት አለ ማለት ነው። ነጋዴው ሊቆጣ ይችላል። ግድ የለም፣ ሕይወትዎን አደራ የሚሰጡት ዕቃ ነውና በትሕትና ያስረዱትና ይቀጥሉ።

ከዚህ በኋላ አንድ ብቻ ይግዙ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይግዙ። ከመሀሉ እንጂ ከጠርዙ ያልሆነ፣ አምስት በአምስት ሴንቲሜትር የሆኑ ስድስት ያህል ቁራጮች ያውጡ። ድስት ውስጥ ጨምረው እንዳይንሳፈፉ ድንጋይ ይጫኑባቸውና ያፍሉ። የአውሮፓው የኮላ ደረጃ፣ ኢ ኤን 314፣ ከሚያዝዛቸው ምርመራዎች አንዱ አራት ሰዓት ማፍላት፣ ከ16 እስከ 20 ሰዓት በ60 ዲግሪ ማድረቅ፣ እንደገና አራት ሰዓት ማፍላት ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ፈላ ከደረጃው ፈላ ይለዝባል። እኔ ይህን ለማካካስ እያንዳንዱን ማፍላት ስድስት ሰዓት አደርገዋለሁ። ማድረቂያው ከሌለዎት የጋለ ምድጃ ዳር ወይም የበጋ ፀሐይ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ቢያውሉት ይበቃል።

ሁለተኛው ፈላ ሲያበቃ ቁራጩ ሳይደርቅ በሞርሳ ይያዙትና መሮውን በኮላው መስመር ላይ አስገብተው ይፈልቅቁ። እንጨቱ እየተቀደደ፣ በሁለቱም ፊት ላይ የእንጨት ጅማት ተጣብቆ ከቀረ ኮላው ከእንጨቱ ይበልጣል፤ ይግዙ። ሉሑ ንጹሕ ሆኖ፣ የኮላውን ልሙጥ ፊት እያሳየ ከተላቀቀ ወይም ገና ድስቱ ውስጥ እያለ ከተገነጠለ ያቺን አንዷን ለቁም ሣጥን ጀርባ ያድርጓት። የአንዷ ዋጋ ቢጠፋ ለጀልባው የሚያስፈልጉት የአራቱ አልጠፋም። ቁራጮቹ ካለፉ ግን ቀሪውን በዚያው ቀን፣ ከዚያው ክምር ይግዙ፤ አንድ ሱቅ ውስጥ እንኳ ሁለት ጭነት አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላልና።

ወደ ውፍረቱ ስንመጣ፣ እንደ እርስዎ ላለ ጀልባ 6 ሚሊሜትር በቂ ነው። ሁሉም ሰው ወፍራም ከሆነ ይጠነክራል ብሎ ስለሚያስብ ይህን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው። የጀልባ ጥንካሬ የሚመጣው ኮምፔርሳቶው ከመታጠፉ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ከመጋጠሙና በውስጥ ካሉት አጥንቶቹ፣ ማለትም ደግፈው ከሚይዙት ጣውላዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል በእንግሊዝ አገር የነደፏት ሚረር የተባለች ጀልባ 3.3 ሜትር ትረዝማለች፤ ሰዎች በየጋራዣቸው ከስስ ማሪን ኮምፔርሳቶ በመዳብ ሽቦ እየሰፉ፣ መጋጠሚያውን በፋይበር ግላስ እያጠናከሩ እንዲሠሯት የታሰበች ስትሆን የቀፎዋ ክብደት 45 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ከእርሷ ዓይነት ከ70,000 በላይ ተሠርተዋል።

ክብደቱን እስቲ እናስላው። አንዱ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ማለትም ሦስት ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ለእርስዎ ጀልባ ሆዱ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ የኋላው ግድግዳና መቀመጫዎቹ ተደምረው ከነብክነቱ አራት ይፈጃሉ። ባለ 6 ሚሊሜትሩ ከቀላል እንጨት፣ በሜትር ኩብ 500 ኪሎ ከሚመዝን ዓይነት ከሆነ አንዱ 9 ኪሎ ገደማ፣ አራቱ 36 ኪሎ ይሆናሉ። እንደ በርች ወይም እንደ ባሕር ዛፍ ካለ 700 ኪሎ ከሚመዝን እንጨት ከሆነ አራቱ 50 ኪሎ ይደርሳሉ። ነጋዴው የመከረዎት ባለ 18 ሚሊሜትር ቺፑድ ግን አንዱ ብቻ 36 ኪሎ፣ አራቱ ከ140 ኪሎ በላይ ነው። ይህን ከፒያሳ ቢሾፍቱ በመኪና ጣሪያ ላይ ማን ይጭነዋል? ከዚህም ሁሉ የሚከፋው፣ ቺፑድም ሆነ ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካቸው እንደ ዳቦ አብጠው የሚፈረፈሩ መሆናቸው ነው። በቀለም እሸፍነዋለሁ ብለው አይሞክሩት፤ አንዲት ጭረት ወይም አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ትበቃለች።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ብዙ አልልም። ከጋቦን የሚመጣው ኦኩሜ ቀላልና በደንብ የሚታጠፍ ስለሆነ ለቀዘፋ ጀልባ ተወዳጅ ነው፤ ይሁን እንጂ በተፈጥሮው መበስበስን የሚቋቋም አይደለምና ሽፋኑ እንከን ሊኖረው አይገባም። ሳፔሌና ጠቆር ያለው ሜራንቲ ይከብዳሉ፣ ግን ይበልጥ ይቆያሉ። በርች እጅግ ጠንካራና ክፍተት የሌለው ሆኖ ሳለ እርጥበት ካገኘው ፈጥኖ ይበሰብሳል። ፊቱ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ፖፕላር የሆነው ደግሞ ገበያው ላይ ሞልቷል። ነጋዴው ያሳየዎት ቀላ ያለ ኮምፔርሳቶም ከዚህኛው ሊሆን ስለሚችል፣ ቀለሙ የፊቱ ብቻ ይሁን የሁሉም ሉሖች በጎኑ አይተው ይለዩ።

ባለ ጥቁር ሽፋኑን ፕላይውድ በሚመለከት፣ ኮላው ብዙ ጊዜ ውሃ የሚችል ስለሆነ ሰዎች ለጀልባ ቢመኙት አይገርመኝም። ችግሩ ሌላ ነው። ሽፋኑ የተሠራው አርማታ እንዳይጣበቅበት ነው፤ አርማታ ያልያዘው ፊት ኢፖክሲንም (ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክር ኮላ) ሆነ ቀለምን አይዝም፣ ስለዚህ መጋጠሚያው በሚያርፍበት ሁሉ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አለብዎት። ውስጡም ለግንባታ የተሠራ በመሆኑ ክፍተት አይጠፋውም፤ ሱቆች ውስጥ የሚበዛውም ባለ 18 ሚሊሜትሩ ነው። ለሐይቅ ዳር መረማመጃ ይሁን፤ ለጀልባዎ አይሁን።

ለውስጥ አጥንቶችና ለአፉ ዙሪያ ጠንካራ እንጨት ያስፈልግዎታል። ደረቅ ዋንዛ ካገኙ ከእርሱ የሚሻል አልሠራሁም፤ ቀላል ነው፣ አይጣመምም፣ ኮላ ይይዛል። የሀበሻ ጽድም መበስበስን በእጅጉ ይቋቋማል፣ ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው አስቀድሞ ይበሳ። ሁለቱም የአገር ሀብት የሆኑ ዛፎች ናቸውና ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ ቢፈልጉ ለኅሊናም ለሥራም ይሻላል፤ አሮጌው መጣመሙን ጨርሷል። ከአጣና ተራ የሚገኘው ባሕር ዛፍ እርጥብ ሆኖ ስለሚሸጥ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለመቅዘፊያ እጀታ እንጂ ለአጥንት አልመክረውም።

ጥሩ ኮምፔርሳቶ ገዝተው በነጭ ኮላ ካገጣጠሙት ልፋትዎ ከንቱ ነው። ነጩ የአናጢ ኮላ ውሃ ውስጥ ይለሰልሳልና መጋጠሚያው ኢፖክሲ ይሁን። የመኪና አካልና የውሃ ታንከር የሚጠግኑ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ፖሊስተር ሬዚን «ያው ፋይበር ግላስ ነው» ብለው ሊሸጡልዎት ይችላሉ፤ ፖሊስተር ከእንጨት ጋር ያለው ቁርኝት ደካማ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ለስፌቱ የሚሆን ሽቦ ሩቅ አይፈልጉ፤ ባለ 1.5 ድፍን የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲኩ ሲላጥ የሚወጣው መዳብ ፍጹም ተስማሚ ነው። ኮምፔርሳቶው 2.44 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለ3.5 ሜትር መቀጠል ይኖርብዎታል፤ የሁለቱን ጫፍ የውፍረቱን ስምንት እጥፍ፣ ማለትም ለ6 ሚሊሜትር 48 ሚሊሜትር ያህል በመላጊያ ሰያፍ አድርገው ይላጉና አንዱን በሌላው ላይ ያጣብቁ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚሰጡት ለጠርዙ ይሁን። እንጨት ከፊቱ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ውሃን እንደ ጭድ ቀዳዳ ይስባል። እያንዳንዱን የተቆረጠ ጠርዝና የተበሳ ቀዳዳ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ ያጠጡት፤ የመጀመሪያው ወዲያው ተመጥጦ ሲጠፋ ቢያዩ አይደንግጡ፣ የሚፈለገውም ያ ነው። የፀሐይ ጨረር ኢፖክሲን ስለሚያፈርሰው በላዩ ላይ የግድ ቀለም ይቀባል። ሥራውን በሐምሌና በነሐሴ አይጀምሩት፤ እርጥበቱ ኢፖክሲው ፊት ላይ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል፣ እርሱም በውሃና በሻካራ ጨርቅ ሳይታጠብ ቀጣዩ ሽፋን አይይዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ኢፖክሲው ሳይደርቅ ያድራል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቀብተው ከሰዓት በኋላ ላይ እንዲይዝልዎት ያቅዱ፤ እኔ የካቲትንና መጋቢትን እመርጣለሁ።

ባቦጋያ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ በመሆኑ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ይጠልቃል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ መቀመጫ ሥር ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ጀሪካኖች አጥብቀው ይሰሩ፤ ጀልባው ውሃ ቢሞላ እንኳ እንዳይሰምጥ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብሱም አይውጡ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጀልባውን ከሐይቁ ይልቅ የሚጎዳው ውስጡ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ነው። የጣና ቀዛፊዎች የደንገል ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው አቁመው እንደሚያደርቁት፣ እርስዎም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በሁለት ብሎኬት ላይ ገልብጠው፣ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ አድርገው ጥላ ሥር ያኑሩት። እኔ እንዳደረግሁት በሸራ ጠቅልለው አይቅበሩት። በመስከረምና በግንቦት ጠርዞቹን በጣትዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ፤ የጠቆረ ቦታ ካገኙ ቀለሙን እስከ እንጨቱ ፍቀው ለሁለት ሳምንት ያህል ያድርቁት፣ ከዚያም እንደገና ኢፖክሲ ያጠጡት።